ለማውራት ሲል የሚገዛው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ይወዳል ማለት ውሃ ያረጥባል እንደ ማለት ነው። ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ነው የሚለው። አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥክ ማምለጫ የለህም፤ ምላጩ ያለው እሱ እጅ ነው። ችግር የመጣው ደንበኞቹ እየተላጩም ስልካቸውን መነካካት ሲጀምሩ ነው። ያወራል፣ የሚሰማው የለም። ተናደደና እሱም ስልክ ገዛ። ልጁ ደግሞ ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚታዘዝበትን ገበያ ጫነችለት።

መቀስ ሊያይ ገብቶ ከመቀሱ ፎቶ ሥር ያገኘው ነገር ዓይኑን አስፈጠጠው። ሰዎች ይጫወታሉ! አንዱ ከበረዶ አገር፣ አንዷ ከደሴት፤ ሁሉም በየቋንቋው ይጽፋል፣ ስልኩ ይተረጉማል። ታዲያ እዚያ ጨዋታ ውስጥ መግባት የሚችለው ዕቃውን የገዛ ብቻ ነው። ደጋግሞ የጻፈ ከስሙ ጎን ኮከብ ይበራለታል፤ ኮከብ ያለው ሰው ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። ለሬዲዮ ከዚህ ወዲያ ምን አለ!

መቀሱን ገዛ። ቀጥሎ የወፍ ጎጆ፣ ወፍ ሳይኖረው። ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፤ ዓሣን የሚያውቀው ተጠብሶ ሲቀርብለት ነው። ሚስቱ ሁሉንም አይታ እንዳላየች አለፈች። የሕፃን ጡጦ ማሞቂያ ሲመጣ ግን አላስቻላትም።

«ይሄ ለማን ነው? የደበቅከው ልጅ አለ እንዴ?»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!»

«ታዲያ ማን ጡጦ ሊጠባልህ ነው?»

«አንዲት አራስ እዚህ ሥር ጽፋ አየሁ። ልጇ አላስተኛ አላት፣ እናቷ ደግሞ አጠገቧ የለችም። የኛዋ ስታለቅስ ምን እናደርግ እንደነበር ልነግራት ፈለግኩ። ካልገዛሁ አያስወሩኝማ!»

ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ይሄን ገበያ የሠራው ሰው ያውቅሃል ማለት ነው! እሺ፣ ምን ልትላት ነው?»

«እሹሩሩ በይው ልላት ነዋ።»

«እሹሩሩ! አንተ መቼ ነቅተህ ታውቃለህ? ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ጀርባዋን መታ መታ ሳደርጋት ነበር ዝም የምትለው። በል ጻፍ!»

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል፤ የራሱን ቃል ጣል ሊያደርግ ሲል በክርኗ ትጎሽመዋለች።

መልሱ የመጣው አንዱን ደንበኛ ግማሽ ፊቱን ላጭቶ ሳለ ነው። የስልኩ ትርጉም እንዲህ ይላል፦ «ውድ ሴት አያቴ፣ ሕፃኑ አገሳና ተኛ። ተባረኪ።» ከሥሩ የተኛ ሕፃን ፎቶ አለ። ሬዲዮ ምላጩን አስቀምጦ ፎቶውን ለደንበኛው አሳየ፤ በር ላይ ላለውም፣ በመንገድ ለሚያልፈውም።

«የልጅ ልጅህ ነው?» አለ ግማሽ ፂሙ ያልተነካው ሰውዬ።

«እንደዚያ በለው» አለ፣ ሴት አያት መባሉን ሳያነሳ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ ገና ከበር «ሕፃኑ እንዴት ነው? ጥርስ አወጣ?» እያሉ ይገባሉ። እሱም ከላይ እስከ ታች ያወራላቸዋል። ሕፃኑ ምግብ ሲጀምር እናቱ ከጡጦ ማሞቂያው ሥር ጨዋታ ወደ ማንኪያው ሥር ጨዋታ ስለተሻገረች የሕፃን ማንኪያ መግዛት ግድ ሆነ። ያዘዘችው ግን ሚስቱ ናት፤ ኮከቡ በራሷ ስም እንዲበራላት።