ብርድ ነው ያልነው

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል፤ እኔ ግን ከአሊዩ አምባ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ጎረቤላ በአውቶቡስ መጣሁ፤ ከዚያ ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ጋሽ ኑሩ የሚባል ነጋዴ ከግመሎቹ ኋላ አስከተለኝና «ከጠየቁሽ ልጄ ነሽ፤ ግን ኢንሻአላህ ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። እውነትም ማንም አልጠየቀኝም። ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ እንባዬ ግን አልመጣም። ያሰብኩት ታናሽ እህቴን ጥሩወርቅን ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷን እየጠበቀች ነበር።

አሁን ሳስበው ከአገር ያስወጣኝ አንድ ወንበር ነው፤ ያኔ ግን ብርድ ይመስለኝ ነበር። የምሠራው ደብረ ብርሃን የወታደር ካፖርት የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ነበር። ከስፌት መኪናዎቹ ፊት ለፊት ከፍ ያለ ወንበር አለ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ኮታውን ያልሞላውን ሠራተኛ ሁሉ ይመዘግባል፤ ዓርብ ዓርብ በሂስና ግለሂሱ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስሙን ያነባል። ስሙ የተነበበው ይነሳና ራሱን ይወቅሳል። አንዳንዱ ሰኞ ሥራ አይገባም፣ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ከእኔ በፊት እዚያ የሚቀመጡት ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ ለሰው የሚራሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ዓርብ ዝርዝሩን ይዘው እንደቆሙ ደረታቸውን ጨብጠው ተቀመጡ፤ በዚያው ቀሩ። የደብረ ብርሃን ሰው መቼም ሁሉን ነገር የሚያሳብበው በብርድ ነው። ለቅሶው ላይም «ብርድ መትቷቸው ነው» ተባለ፤ እኔም ብያለሁ። ሰኞ አለቆቹ ወንበሩን ለእኔ ሰጡኝ።

ሁለት ዓመት ተቀመጥኩበት። ሐሙስ ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ዓርብ ጠዋት ልቤ ይደልቃል፣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። እማዬ ፌጦ እያሸች «ብርድ ገብቶብሽ ነው፣ ደረትሽን ሸፍኚ» ትለኛለች። እሸፍናለሁ። በመጨረሻ የጤና ጣቢያ ወረቀት ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ፣ ብርዱ አልተስማማኝም። ካውያው አጠገብ ሞቅ ስለሚል ወደዚያ አዛውሩኝ።»

«በካፖርት ተከበሽ ተቀምጠሽ በረደኝ ትያለሽ?»

«ልቤም ይመታል፣ ጓድ።»

«የማን ልብ ነው የማይመታው? መምታቱን ያቆመ ዕለት ማስረጃ ይዘሽ ነይ፤ ያኔ እኔው ራሴ እፈርምልሻለሁ» አለና በቀልዱ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሲስቅ አለመሳቅ ያስፈራል።

እንግዲህ ቆላ ብወርድ ይሻለኛል ብዬ ወረድኩ። ከግመል በኋላ የጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ የቆጠርኳቸው ቀናት ጠፍተውብኝ ጅቡቲ ገባሁ። ሐምሌ ነበር። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የቧንቧው ውሃ ለመፍላት ትንሽ ነው የቀረው። ቁርሱ ባጌት የሚሉት እንደ ዱላ የረዘመ ዳቦ ነው፤ በሶ ጠጥቶ ላደገ ሰው ሆድ አይደርስም። እኔ ግን ክፍሌን እንደተረከብኩ እየተንቀጠቀጥኩ አከራዬን መዳም ኸድራን ብርድ ልብስ ጠየቅኋት። ድሬዳዋ ስለኖረች አማርኛ ታውቃለች።

«ለምንሽ?»

«ለብርዱ።»

«ያ አላህ! ጎረቤቶች፣ ኑ እዩ፣ በሐምሌ የበረዳት ሴት መጥታለች!»

መጡና አዩኝ። አላፈርኩም። ያኔ ምንም አይሰማኝም ነበር።

ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። አለቃው ደወል ሲደውል ደረቴ እንደ ድሮው ይጨመደዳል። አንድ ቀን ከደወሉ ጋር ወደቅኩ፤ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ፈረንሳይኛ ብቻ ስለሚናገር አንዲት ያገሬ ልጅ፣ ነርስ፣ አስተረጎመችልኝ።

«ብርድ ነው በይልኝ» አልኳት።

ሳትተረጉም አየችኝ። «እህቴ፣ እዚህ አገር እኮ ብርድ የለም።»

ሐኪሙ የድሮ ሥራዬን ጠየቀ። ስለ ወንበሩ ነገርኩት፤ ስለ ጋሽ ሽፈራውም። ሰው ለዓመታት እየፈራ፣ ሌላውንም እያስፈራ ሲሠራ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ውሎ አድሮ ልቡ ይጎዳል አለኝ። ምክንያቱ ያ ብቻ ባይሆንም አንዱ ነው አለ። ለጋሽ ሽፈራው ያን ጊዜ ማዘን ነበረብኝ። ክኒኔን ተቀብዬ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

ከብዙ ወራት በኋላ ደብረ ብርሃን ስልክ አስጠራሁ። ጥሩወርቅ ቴሌ ድረስ መጥታ ጠበቀችኝ።

«እትዬ! ሥራ ገባሁ እኮ!»

«የት?»

«አንቺ ቦታ። ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። አንቺ የሄድሽ ሰሞን አባባን ቀበሌ እየጠሩ ያሳድሩት ነበር፤ እኔ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ግን ጠርተውት አያውቁም።»

መሄዴ ምን እንዳመጣባቸው ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያዳምጠን ሰው ሊኖር እንደሚችል ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጤናሽስ?»

«ደህና ነኝ፤ ዓርብ ዓርብ ብቻ ደረቴን ጨምደድ ያደርገኛል። ብርድ ነው። እማዬ ፌጦ እያሸችልኝ ነው።»

«ጥሩዬ፣ ብርድ አይደለም።»

ሳቀች፤ ሳቋ የልጅነቷ ነው። «እትዬ ደግሞ! የኛን ብርድ ረሳሽው በቃ!»

ልቀቂው ልላት አፌን ከፈትኩ። ብትለቀው አባባን መልሰው ይጠሩታል። ስልክ ክፍሉ ይነዳል፣ ላቤ በክንዴ ይወርዳል።

«ደረትሽን ሸፍኚ» አልኳት።