የወርቅ ጣት አንድ ቁልፍ

ወርቅ ጣት ይሉታል። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የራሳቸው ጣቶች በመርፌ ተበሳስተው ሳለ እሱን አንድ ሰሃን እንኳ አላሳጠቡትም። "ተዉት፣ ጣቱ ይጎዳል" ይሉ ነበር። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሞላው፤ ዛሬም የጫማውን ክር የሚያስሩለት ሌሎች ናቸው። ጉድ እኮ ነው!

ዕድሜ ልኩን የወሰነችው ግን አንዲት ቀን ናት። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በከተማው ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሶናታ የሚሉትን ረጅም የፒያኖ ድርሰት ሲጫወት ቆይቶ፣ ቀኝ እጁ ከላይ እየተንደረደረ በሚወርድበት ቦታ ላይ ተደናቀፈ። ከንፈሩ ለለቅሶ ሲንቀጠቀጥ እናቱ ከሰው መሃል ብድግ አሉ።

"ፒያኖው ነው! ልጄ አይሳሳትም!"

ሰዉ አጨበጨበ። ልጁም እንባውን ዋጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚሳሳቱት ፒያኖዎች ናቸው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ፒያኖ ቃኚ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቶታል። ወርቅ ጣት በየኮንሰርቱ ያንኑ ሶናታ ይጫወታል፤ እዚያችው ቦታ ላይ ይደናቀፋል፤ ቆም ይልና አንዱን የፒያኖ ቁልፍ እየጠቆመ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሮ "ቃኚ!" ይላል። ቃኚው የመቃኛ መፍቻውን ይዞ ይወጣል፣ ክዳኑን ከፍቶ ጎንበስ ይላል፣ ምንም ያልሆነውን ክር ነካ ነካ አድርጎ "ይቅርታ" ይላል። ጭብጨባ ይቀልጣል። ለሙዚቃው እንኳ እንደዚያ አይጨበጨብም።

የአንድ ክር መላላት እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ሰው ራሱንም ይንቅ ነበር። ሚስቱ "ላላበላሸኸው ነገር ስንት ጊዜ ይቅርታ ትጠይቃለህ?" ስትለው፣ "ሥራ ነው፤ ምን ላድርግ?" ይላታል።

በዚህ ዓመት ወርቅ ጣት ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደብዳቤ ጻፈ፤ አዲስ ፒያኖ ይምጣ፣ ጆሮ ያለው ቃኚም ይቀጠር። ዳይሬክተሯ ቃኚውን ቢሮዋ ጠራችው።

"ጋሼ፣ እኔ ምን ልበል? ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ፊት ይቅርታ ሲጠይቁ ከተማው በሙሉ አይቶዎታል።"

ቃኚው የስንብት ደብዳቤውን ተቀበለ። እውነቷን ነው።

አዲሱ ፒያኖ መጣ፤ አብሮት የመጣው ባለሙያም ቃኝቶት ሄደ። በምረቃው ዕለት ቃኚው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከወርቅ ጣት አሮጊት እናት ጎን። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የለውም። ፒያኖው ገና ሲነካ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። እያንዳንዱ ድምፅ ከድንጋይ ሥር እንደሚፈልቅ ውኃ ጥርት ያለ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንዲህ ያለ እጅ ላይ ይወድቃል?

ያቺ ቦታ ደረሰች። ወርቅ ጣት ተደናቀፈ። እንደ ልማዱ ጠቆመ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ መጋረጃው ዞረ።

"ቃኚ!"

ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አልወጣም። አሮጊቷ ቃኚውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

"አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ? ልጄ እየጠራህ አይደል እንዴ!"

"እሺ፣ እማማ" አለና ተነሳ።

መድረኩ ላይ ያለ መፍቻ ወጣ። የተጠቆመውን ቁልፍ በአንድ ጣቱ መታው። ድምፁ አዳራሹን ሞልቶ ቀስ እያለ ጠፋ። ደግሞ መታው። ከዚያ ያንን ወራጅ ዜማ፣ ስንት ዓመት የሰማውን፣ በወፋፍራም የሠራተኛ ጣቶቹ ዝግ ብሎ አንዲት ሳያጎድል ተጫወተውና ወደ ሰዉ ዞረ።

"ምንም አልሆነም" አለ። "የድሮውም ምንም ሆኖ አያውቅም። እየዋሸኋችሁ ነበር፤ ለዚያ ይቅርታ።"

ማንም አላጨበጨበም። ዳይሬክተሯ ፊቷን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ ሰኞ መፍቻዎን ይዘው ይግቡ።"

ወርቅ ጣትስ? አፈረ ብላችሁ እንዳታስቡ። ለማፈር መጀመሪያ መሳሳት ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ቃኚው አዳራሹ ሲገባ አንድ አናጺ መድረኩ ላይ ተንበርክኮ የፒያኖ መቀመጫውን እግር ሲለካ አገኘው።

"ምን ሆነ ደግሞ?"

"እኔ እንጃ" አለ አናጺው፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያነሳ። "ወንበሩ ነው አሉ።"