ተያዥ ያላት ልጅ

ናዝሬት ውስጥ መንግሥት የወረሰው አንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አንሶላ መወጠር እችል እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ተያዥ አለሽ ወይ?» ነው ያሉኝ። ቋሚ ሥራ ወይም የራሱ ቤት ያለው ሰው ቀርቦ፣ ይቺ ሴት ብትሰርቅ ወይ ብትጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ ብሎ ካልፈረመ ሥራ የለም። ምድር ባቡር የሚሠራው አጎቴ ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ፈረመልኝ። ሲወጣም «እንዳታሳፍሪኝ» ብሎ በጣቱ አስፈራራኝ።

የክፍሎቹ ኃላፊ ያኔ ወይዘሮ አመተ ይባሉ ነበር። የአንሶላው ጥግ ካልተስተካከለ ያነጠፍኩትን ሁሉ ገፈው እንደገና ያስነጥፉኛል። ወለሉን በሰም አስወልውለው በነጭ ካልሲ ይረግጡታል፤ ካልሲው ከቆሸሸ ወየውልኝ! «ክፍል ውስጥ ያየሽውን እዚያው ቆልፈሽበት ውጪ» ይሉኝ ነበር። ለብዙ ዓመት ይሄ ጥሩ ምክር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስንቱን ጉድ ነው ቆልፈን የወጣነው እላለሁ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ማስተር ቁልፉ ወደ እኔ ዞረ። አንጣፊዎቹ፣ አጣቢዎቹ፣ በካውያ የሚተኩሱት ሁሉ ከሥሬ ሆኑ። ሆቴላችን ቅዳሜና እሁድ ጢም ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሶደሬና ወደ ላንጋኖ የሚወርዱ ሹማምንት አሉ፣ ለስኳር ፋብሪካው የመጡ ፈረንጆች አሉ፣ የአሰብ መንገድ ሾፌሮች አሉ። አንዳንዱ እንግዳ ገና ቁልፉን ሳይቀበል «እስከ ሐይቁ የምታጅበን ልጅ አትጠፋም መቼም?» ይላል። ማጀብ ነበር ስሙ። ሥራ አስኪያጃችን ፈገግ ይልና ወደ እትዬ ዘውዴ ሰው ይልካል።

እትዬ ዘውዴ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ያላት፣ ሁልጊዜ ነጭ የምትለብስ፣ አፏ ማር የሆነ ሴት ነበረች። እትዬም አንቱም የምላት በፊቷ ብቻ ነው። ሻሸመኔ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ዓለም ጤና፣ ገጠር ገጠሩን እየዞረች ልጆች ታመጣለች። ለወላጆቻቸው «ቀን ይሠራሉ፣ ማታ ይማራሉ» ትላለች። ከዚያ ለሆቴሉ፣ ለመጠጥ ቤቱ፣ ለባለ ቪላው ታስቀጥራቸዋለች። ልጆቹ ናዝሬት ውስጥ ዘመድ የላቸውም፤ ስለዚህ የሁሉም ተያዥ ራሷ ዘውዴ ናት። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት፣ ላልወለደችው ልጅ ትፈርማለች» ይላል። እኔም ከሰው ጋር ብያለሁ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ዘውዴ አንዷን ልጅ «ቅዳሜ እፈልግሻለሁ» ትላታለች። ልጅቷ እምቢ ያለች እንደሆነ ዘውዴ አትቆጣም፣ እጇንም አታነሳም። «እንግዲያው ከተያዥነቴ እወርዳለሁ» ትላለች፣ በቃ። ተያዥ የወረደባት ሠራተኛ በዚያኑ ቀን ከሥራ ትወጣለች። የቀበሌ መታወቂያዋም የወጣው በዘውዴ ቤት ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን መታወቂያ የሌለው ሰው ጸጉረ ልውጥ ነው፤ የአብዮት ጥበቃዎቹ ካገኙት እግዜር ይሁነው። ስለዚህ ልጆቹ ይሄዳሉ። ሰኞ ተመልሰው አንሶላ ሲያነጥፉ ቀና ብለው አያዩኝም።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ አንዷ ትቀራለች። «የት ሄደች?» ስል «ድሬዳዋ ሥራ አግኝታ» ይሉኛል። ከድሬዳዋ በኮንትሮባንድ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ዓረብ አገር እንደሆነ የነገረኝ ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ጠፍር የለ፣ ዱላ የለ፣ የተቆለፈ በር የለ። ሴትዮዋ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊርማዋ ብቻ ሰው ትሸጥ ነበር። ደንቡን ያወጣነው ደግሞ እኛው ነን።

ጫልቱ የመጣችው ከአዳሚ ቱሉ ገጠር ነው። ገና ልጅ ነበረች፤ ዘውዴ መታወቂያው ላይ ዕድሜ ጨምራላታለች። ከእኔ በቀር ኦሮምኛ የሚያወራት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ ስላት ፊቷ ይፈታል። አንሶላ ስትወጥር ወይዘሮ አመተ ቢያዩዋት ካልሲያቸውን ያወልቁላት ነበር። ሳገኛት ሁሉ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፦ «የማታው ትምህርት መቼ ነው የሚጀመረው?» አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

አንድ ዓርብ የትራስ ልብስ ስንቀይር ድንገት እጇ ቆመ።

«እትዬ ፀሐይ፣ ነገ ከእንግዶች ጋር ላንጋኖ ሂጂ አለችኝ። አልሄድም አልኳት።»

«አበጀሽ! እሷስ ምን አለች?»

«ሰኞ ከተያዥነቴ እወርዳለሁ አለች። ጣሊያን ሰፈር አንዲት ሴትዮ ቤት ያስቀጠረቻትን አበባን እንደዚህ ብላት አይደለም የጠፋችው? እኔስ ወዴት ነው የምሄደው?»

እስከ ሰኞ ሌላ ተያዥ ካላገኘንላት ልጅቷ አለቀላት። በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ለጫልቱ እኔ ልፈርምላት» አልኩት።

«የቤቱ ሠራተኛ ለቤቱ ሠራተኛ ተያዥ አይሆንም። ደንቡን እያወቅሽው፣ ወይዘሮ ፀሐይ።»

«እንግዲያው ያለ ተያዥ ትሥራ። ሥራዋ ምን ጎደለው?»

«አንድ አንሶላ ቢጠፋ ማን ሊጠየቅልኝ ነው?»

«ልጅቷ ብትጠፋስ ማን ነው የሚጠየቀው?»

በሩን ዘግቼ እንድወጣ በአገጩ አመለከተኝ። ወጣሁ። አጎቴ ያን ጊዜ ሞቷል። ያለኝ ሰው ጎረቤቴ መምህር ያዕቆብ ብቻ ነበሩ።

መምህር ያዕቆብ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየሳሎኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዘምሩበት ጊዜ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡት። «ታዲያ ይሄ ልመና ያስፈልገዋል እንዴ? የት ነው የምፈርመው?» አሉኝ። ባለቤታቸው «ያዕቆብ፣ ስምህ ቀበሌ ተይዟል እኮ» አለቻቸው። «ስሜን ያዙት እንጂ እጄን አልያዙት» ብለው ኮታቸውን ደረቡ። እንደዚያ ያለ ሰው ዳግመኛ አላየሁም።

ቀበሌው ተያዡን ማረጋገጥ ስላለበት አብረን ሄድን። ሊቀመንበሩ መምህሩን ከላይ እስከ ታች አያቸውና ሳቀ።

«ጴንጤ ለሰው ተያዥ ሊሆን? ለእርስዎ ራስዎ ተያዥ ያስፈልግዎታል!»

አጠገቡ የተቀመጡትም ተከትለው ሳቁ። መምህሩ አልተቆጡም። «ሥራዬ ቋሚ ነው፣ ቤቴም ይታወቃል» አሉ።

«ቤትዎ ውስጥ ማን ማን እንደሚሰበሰብም ይታወቃል።»

እኔ ደሜ ፈላ። «ዘውዴስ? እሷ ለስንቱ ስትፈርም ማን ጠየቃት?» ብዬ ጮኽኩ።

«ጓድ ዘውዴ ለሕዝብ የምትደክም እናት ናት። አንቺ አፍሽን ሰብስቢ» አለኝ። ሰው ላይ ፊት ለፊት ሲስቁበት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። መምህሩ መንገድ ላይ «አይዞሽ ፀሐይ» እያሉ እኔን ያጽናኑ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጫልቱን ግምጃ ቤት አስገብቼ በሩን ገፋ አደረግሁት። «የማውቀው ሾፌር አለ፣ ኬላውን ያሻግርሻል። ዛሬውኑ እናትሽ ጋ ግቢ» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። «አይሆንም። ዘውዴ ነግራኛለች። እምቢ ካልኩ መምህሩን ያስሯቸዋል። ልጆች አሏቸው አይደል?»

«አሏቸው» አልኳት።

«እንግዲያው እሄዳለሁ። ድሬዳዋ ሥራ አለ ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ።»

ተንበርክኬ ለመንኳት። «ተዪኝ እንጂ እትዬ ፀሐይ፣ አታስለቅሺኝ» አለችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አግኝታቸው የማታውቀው ሰውዬ እንዳይታሰሩ ብላ ያቺ ልጅ በገዛ እግሯ ሄደች። በዚያው ሳምንት ዘውዴ ሆቴሉ በር ላይ አገኘችኝና «ፀሐይዬ፣ ለልጄ የደከምሽውን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ምራቄን ዋጥኩ። ተፍቼባት ቢሆን እስካሁን ይቀለኝ ነበር። መምህር ያዕቆብንም ብዙ ሳይቆዩ በሌላ ሰበብ አሰሯቸው።

ክረምቱ ሲወጣ የጫልቱ እናት አዴ ቦንቱ መጣች። ጀርባዋ ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አዝላ፣ በእጇ ትንሿን ልጇን ይዛ ሆቴሉ በር ላይ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ በዘበኛው በኩል «ለቃለች፣ ተያዧን ጠይቂ» አስባላት። ስሰማ የያዝኩትን አንሶላ ጥዬ ወረድኩ።

«ሽንኩርቱ ለማን ነው?» አልኳት በኦሮምኛ።

«ለዘውዴ ነዋ! ለልጄ የፈረመችላት እሷ አይደለችም? ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ?» አለችና የትንሿን ልጅ ራስ ዳበሰች። «ይቺንም እንድትይዝልኝ ነው። እህቷ ጋ ትሁን ብዬ ነው።»

እዚያው በሩ ላይ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አላመነችኝም። ቀናተኛ አለችኝ፣ ልጄን ጠላሽብኝ አለችኝ። ወደ ዘውዴ ቤት ልትሄድ ስትነሳ የትንሿን እጅ ነጥቄ ይዤ ወደ መናኸሪያ መሄድ ጀመርኩ። እናትየዋ እየሰደበችኝ ተከተለችኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስድቡ ቀርቶ ለቅሶ ሆነ። የዝዋይ አውቶቡስ ላይ ሁለቱንም አሳፈርኳቸው። ጆንያውንም ጣሪያው ላይ አስጫንኩላቸው።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አዴ ቦንቱ በመስኮቱ ብቅ አለች። አሁን አልተቆጣችም። እንደ ልጅ ነው የጠየቀችኝ።

«እኔ እኮ ልጄን ሽማግሌ ፊት ነው የሰጠኋት። ፈርማልኛለች እኮ። ተያዥ ያለው ሰው እንዴት ይጠፋል?»

አውቶቡሱ ሄደ።

ስለ ጫልቱ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ዘውዴ አልጋዋ ላይ አርጅታ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ ግማሹ ናዝሬት ወጥቶ ነበር። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ዋልኩ።

አሁን ሆቴል የምታስተዳድሩ ልጆች ዛሬም ተያዥ ትጠይቃላችሁ። ጠይቁ። ልጅቷን ይዟት የመጣው ሰው ግን ተያዧ አይሁን።