ጋሽ በዕውቀቱ በሁለቱም ወገን

ጅቡቲ ውስጥ አባት የቸገረው ሐበሻ ከከተማው ዳር ወዳለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ፔካ 12 ይሄዳል። እዚያ ከከባድ መኪኖቹ መሀል ጎማ ሲፈታ የምታገኙት ሰውዬ ጋሽ በዕውቀቱ ነው፤ ጎሚስታው። ድሮ ረዳት ሆኖ ከኮምቦልቻ ሲመጣ መኪናዋ እዚያው ተበላሸችበት፤ እሷ ተጠግና ተመለሰች፣ እሱ ቀረ። ሚስትም ልጅም የለውም። ሆኖም በእሱ አባትነት የተዳሩ ሴቶች አውቃለሁ። እኔ ስወልድ ሹፌሩ ባሌ መንገድ ላይ ነበር፤ አዋላጇ ብቅ ብላ «ከቤተሰብ ማን አለ?» ስትል እጁን ያወጣው ጋሽ በዕውቀቱ ነው። በማግስቱ «ሴት ልጅ ወለድን» እያለ ሹፌሩን ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ልጄ እስከ ዛሬ «አባባ» ነው የምትለው።

አንድ አመል ግን አለበት፤ እሺ ከማለቱ በፊት አይጠይቅም።

ጓደኛዬ ጥበብ ፈረንሳዮች ቤት ተቀምጣ ትሠራለች፤ ዐርብ ዐርብ፣ በእረፍቷ፣ አርሂባ ሰፈር እኔ ቤት ትውላለች። ወላጆቿ ቀደም ብለው ሞተዋል። ወደብ የሚሠራው ዮሳዲቅ ሊያገባት ሲል አሳዳጊ አጎቱ ጋሽ ቀጸላ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከድሬዳዋ ደወሉ። «ሽማግሌ ሆኜ አባት ካለበት ቤት ካልጠየቅኩ አልመርቅም» አሉ። ዮሳዲቅ ያለ እሳቸው ምርቃት ንቅንቅ አልል አለ። ጥበብ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ለቅሶ አይሆንልኝም፣ ፔካ 12 ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዐርብ ከሰዓት አባት ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

«የማን አትልም?»

«ስመጣ ትነግሪኛለሽ» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ዐርብ ደረሰ። ቤቱን አጥበን፣ ቬንቲሌተሩን ወደ እንግዶቹ አዙረን፣ የአባትን ወንበር መሀል አድርገን ጠበቅን። ሰዓቱ አለፈ፣ አባት የለም። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የት ደረስክ?»

«በር ላይ ነኝ።»

ተመስገን ብዬ ከፈትኩ። እውነቱን ነው፣ በር ላይ ነው። ግን በቀኙ ጋሽ ቀጸላ፣ በግራው ጨርቅ ነጋዴው ከማሉዲን ቆመዋል። ለካ ዮሳዲቅም ፔካ 12 ሄዶ «ዐርብ ሽማግሌ ትሆነኛለህ?» ብሎት፣ የኛ ሰው እሺ ብሏል! ስልኩን ከጆሮው አላወረደም፤ እኔም አላወረድኩም። ልጄ «አባባ!» ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉ ጋሽ ቀጸላ።

«ትንሽ» አለ ጋሽ በዕውቀቱ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «የእነሱን ጨርሼ ወደ እናንተ ልመጣ ነበር'ኮ» ሲል አንሾካሾከ።

ገቡ። ጋሽ ቀጸላ «አባትየው መጥተው ተቀመጡ እስኪሉን እንቆማለን» አሉ። ሦስቱም ቆሙ። እኔ ጋሽ በዕውቀቱን አየሁ፣ እሱ ቬንቲሌተሩን አየ። ቀድሞ የሳቀው ከማሉዲን ነው።

«ወላሂ፣ አባትየው ከኛ ጋር ቆሟል!»

ጋሽ ቀጸላ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰሞኑን በራዲዮ ምሁራን ሲከራከሩ ነበር። አንዱ ቤተሰብ እየፈረሰ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ መልኩን እየቀየረ ነው ይላል። እኔ ከማን እንደምሆን ጨንቆኝ ነበር፤ ዛሬ ለየልኝ። አንድ አባት ለሁለት ወገን! ፈርሷል!»

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ቤተሰብ ማለት በደም፣ በጋብቻ፣ ወይም በጉዲፈቻ...»

«ጎበዝ። ከሦስቱ አንዱን አሳዪኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለወግ ብዬ አይምሰልሽ፣ ልጄ። ዮሳዲቅን እኔ አሳደግኩት፤ አውቀዋለሁ፣ ቁጡ ነው። ነገ ቢበድላት ይቺ ልጅ የማንን በር ታንኳኳለች?»

ከመጋረጃው ሥር የጥበብ እግር ብቻ ይታየኛል። ጣቶቿን ጭምድድ አድርጋቸዋለች። ሰውየው እንዲህ እንዳሉ በእሁዱ ባቡር ድሬዳዋ ከተመለሱ ነገሩ አበቃ።

ይኼኔ ጋሽ በዕውቀቱ ልጄን አቅፎ ከመሀላቸው ወጣና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ተቀመጡ!» አለ። ተቀመጡ። «ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አብረኸን አይደል የመጣኸው?» አለ ከማሉዲን።

«የመጣሁት በናንተ መኪና ነው። ልጅቷ ግን የኔ ናት። ሰው ፊት "ጥበብ የኔ ናት" እላለሁ።» ወደ ጋሽ ቀጸላ ዞረ። «መኪና ውስጥ ልጁ ጨዋ ነው ብላችሁኝ ነበር። እዚህ ሲደርስ ቁጡ ሆነ። ደግሞ ሃያብለ ሰፈር የተከራየው ቤት ውሃ የለውም፤ እሱንም መኪና ውስጥ ሰምቻለሁ። ልጄ ጄሪካን ተሸክማ ስትዞር አላይም።»

«ጋሼ...» አልኩ። እጁን ቆነጠጥኩት። ሰው ይህን ያህል መንገድ የመጣ ሽማግሌ ያባርራል?

«ዛሬ አልሰጥም» አለ። «የውሃውን ነገር ይጨርስና በሚቀጥለው ዐርብ ኑ።»

«ቁጣውስ?» አሉ ጋሽ ቀጸላ።

«ጎማ መፍቻ አለኝ።»

ጋሽ ቀጸላ ብድግ አሉ። ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጺማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«በሽምግልና ብዙ ቤት ገብቻለሁ» አሉ። «የውሸት አባት ቶሎ ብሎ እሺ ይላል። ይኼኛው አሰናበተን።» ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ዮሳዲቅ ጋ ደወሉ። «የእሁዱን ባቡር ሰርዝ። እስከ ዐርብ አለሁ። አንተ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ፈልግ፣ አባቷ ከባድ ሰው ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ጥበብ አፏን በነጠላዋ አፍና ትስቃለች።

ጋሽ በዕውቀቱ ልጄን አስረከበኝና ባባረራቸው ሰዎች መኪና ሊሄድ ተነሳ፤ ፔካ 12 የሚያደርሰው ሌላ መኪና አልነበረም። ከማሉዲን ኋላ እንደነገረኝ፣ ከአርሂባ እንደወጡ ጋሽ በዕውቀቱ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብሎ የጋሽ ቀጸላን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አይዞን» አላቸው። «አባትየው ትንሽ አስቸጋሪ ነው። ለዐርብ እኔ አነጋግረዋለሁ።»