ሞተር ውስጥ የገባ እምነት

አቻምየለሽ የተዘጋ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በልጅነቷ የአባቷን ሬዲዮ ፈታትታ ስትገጥመው ሦስት ብሎን ተረፋት፤ ሬዲዮው ግን ከድሮው ይልቅ ጥርት ብሎ ተናገረ። አባቷም እየተቆጡ አዳመጡት። ካደገች በኋላ ፍኖተ ሰላም ገብታ መካኒክነት ተማረችና ቡሬ አጠገብ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ቀጠራት። ሴት መካኒክ! ጉድ በል ቡሬ! አንዳንዱ በቆሎውን ትቶ እሷን ሊያይ ይመጣ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሰው ሲያያት ሞተር እንጂ ሰው አታይም።

በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ የማኅበሩ ብቸኛ ትራክተር ተዳፋት ሲያርስ ተገለበጠ። እሷ በሞተር ሳይክል ተፈናጥጣ ስትደርስ ሰዉ በሁለት ጥማድ በሬና በአርባ ሰው ትከሻ አቁሞታል። ሴቶቹ ገና «እኔን ይድፋኝ! እኔን!» ይላሉ። ሹፌሩ አያ ደጀኔ ክንዱ ከመላላጡ በቀር ደህና ነው። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«በይ ቀስቅሺው!» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ዮሐንስ። «ሰኔ እኮ ደርሷል፤ መሬቱ አይጠብቀንም።»

«አያ ደጀኔ፣ ከወደቀ ወዲህ ቁልፍ ነክተዋል?»

«በማርያም! አልነካሁም።»

«እሰይ! እንግዲያው ማንም እንዳይነካ።»

አቶ ወልደ ዮሐንስ ተቆጡ። እሷ ምን ቸገራት፣ ካኪዋን ሰብስባ ሞተሩ ሥር ተንበረከከች። ሞተር ሲገለበጥ የሆዱ ዘይት ወደ ላይ ፈሶ ፒስተኑ አናት ላይ ይተኛል። ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም፤ በዚያ ላይ ቁልፍ ያዞረ ሰው ፒስተኑን የሚገፋውን ብረት፣ ቢየላውን፣ አጣሞት ቁጭ ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ ናፍጣ የሚረጩትን አራቱን ኖዝሎች አንድ በአንድ ነቀለችና ሞተሩን ከፊቱ በመፍቻ ይዛ በእጇ አዞረችው።

ከአንደኛው ቀዳዳ ዘይት ፊን አለ። ከሁለተኛው ዘይት። ከሦስተኛውም ዘይት። ከአራተኛው ውኃ ወጣ።

ፒስተን ላይ ውኃ ከተገኘ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል ማለት እንደሆነ አቶ ወልደ ዮሐንስም ያውቃሉ።

«በቃ» አሉ። «ትራክተሩ ወደ ባሕር ዳር፣ ሹፌሩ ወደ ፖሊስ።»

ደጀኔ የቆመበት ቁጭ አለ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ጠጥቶ መሪ አልያዘም፤ አሁን ግን ማን ይሰማዋል? አቻምየለሽ አዘነችለት። ግን ከማዘኑ በላይ አንድ ነገር አሳከካት፤ ውኃው ዝገት የለበትም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍታ ጣቷን ነከረች። የዚያኛው ውኃ ዝገት የጠጣ፣ ቀይ ነው። የአራተኛውን ውኃ መዳፏ ላይ አድርጋ ብትፈትገው ደግሞ ግራጫ ደለል አለው።

«አመድ!» አለች ለራሷ። «ከሞተር አመድ ምን አመጣው?»

«አንቺ ልጅ፣ አበዛሽው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር ይባል የለም? ይታገሡኝ።»

ትራክተሩ ሲገለበጥ አየር የሚስብበት ላስቲክ ተቦጭቆ የሞተሩ ጉሮሮ ክፍቱን ቀርቷል። ጎንበስ ብላ አየችው። ከንፈሩ ላይ እርጥብ አመድ ተለጥፏል። ብድግ አለችና ዞር ብላ «ማነው ይህን ትራክተር ውኃ ያጠጣው?» አለች።

ከሴቶቹ መሀል የደጀኔ እናት እማሆይ አስካለ ማርያም ባዶ ጀሪካን ይዘው ወጡ።

«እኔ ነኝ። ጠበል ነው፤ እምነት በጥብጬበት።»

እምነት ያሉት ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን የተባረከ አመድ ነው።

«ኧረ እማሆይ! በምን ምክንያት?»

«ልጄ ላይ ሊወድቅ የነበረው ትራክተር ወደ ማዶ ዞሮ ወደቀ። ልጄን ረጨሁት፤ የተረፈውን ለዚህ አጠጣሁት። ልጅ ላተረፈልኝ ይህም በዛበት?»

አቻምየለሽ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

«እማሆይ፣ አልተሰነጠቀም! እምነት በዝቶበት ነው የታነቀው!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ደጀኔ ግን አልሳቀም፤ አላመነም።

ኖዝሎቹ እንደተነቀሉ የሞተሩን ማስነሻ፣ ሞተሪኖውን፣ ደጋግማ አስነሥታ ዘይቱን፣ ውኃውን፣ አመዱን ሁሉ አስተፋችው። ጉሮሮውን በናፍጣ አጠበች፤ ዘይት ቀየረች፤ ባትሪውንም አየች። ኖዝሎቹን መልሳ ካሰረች በኋላ አንድ ጣውላ ለአቶ ወልደ ዮሐንስ ሰጠቻቸው።

«የተረፈ ዘይት ካለ ሞተሩ እሱን እያነደደ ያለ ልክ ሊጋልብ ይችላል፤ ያኔ ቁልፍ አያቆመውም። ክደኑ ስል አየር እንዲያጣ ጉሮሮውን ክድን ያድርጉት!»

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳለ፣ አጉረመረመ፣ ነጭ ጭስ ሜዳውን አለበሰው። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ።

«ልክደነው?» ጮኹ ሊቀ መንበሩ።

«ቆዩ!»

«አንቺ ልጅ!»

«ቆዩ አልኩ!»

ድምፁ ቀስ እያለ ወረደ፤ ጭሱም ሳሳ። ሞተሩ እንደ ወትሮው ዱክ ዱክ ማለት ያዘ። አቶ ወልደ ዮሐንስ ጣውላውን ጥለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ደጀኔ፣ በል ንዳው» አሉ።

ደጀኔ ወደ ትራክተሩ ሄደ፤ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ፤ መልሶ አወረደው። ሁለተኛም ሞከረ፤ አቃተው። ያን ሁሉ ሰዓት ያልወጣ እንባ አሁን መጣ። እማሆይ ጀሪካናቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ከኋላው ገፉት።

«ውጣ እንጂ ልጄ! እሱ እንኳ ተነሥቷል!»