ፊቱን ያዞረው ግንብ

የኔታ ወልደኢየሱስ ያን ዓርብ የተቆጡት በግንበኛው ነበር ወይስ በራሳቸው? ብዙ አስቤበታለሁ፤ መልሱን አላገኘሁትም።

እኛን ሥዕል ያስተምሩ ነበር። የደብር ጸሐፊ ልጅ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ በወስፌ ወግተው፣ አስምረው ያደጉ። በጣሊያን ጊዜ ደግሞ ድንጋይ መጥረብ ተማሩ። ዘመዶቻቸው ይህን አልማሯቸውም፤ «የጸሐፊ ልጅ ጠራቢ ሆነ» እያሉ በሰርግ እንኳ ከጥግ ያስቀምጧቸው ነበር። ጸሐፊ ሲመጣ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው፣ ግንበኛ ሲመጣ ፊቱን ያጠቁራል። ይህ አገር የሚያድርበትን ቤት የሠራለትን እጅ ይንቃል።

እሳቸው ግን ሁለቱ ሙያዎች አንድ ናቸው ባይ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገመድ ይዘው የአድባራቱን በርና የነገሥታቱን ግቢ ግንብ ይለካሉ፤ የአሮጌ ብራናዎችን ኅዳግም ይለካሉ፤ ሁሉንም በአንድ ደብተር ያስተያያሉ። ፒያሳ ሱቅ የሚከፍት ሰው ስሙን እንዲጽፉለት ሲጠራቸው አስቀድመው በሩን ይለኩ ነበር። «ግንብም እንደ ብራና መጀመሪያ ይሰመራል፤ ከዚያ ይጻፋል» ይሉናል።

በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሲያሠራ፣ ስሙ ከበሩ በላይ ከግንቡ ጋር አብሮ እንዲገነባ ነደፉ። አንዱ ፊደል በሦስት ድርድር ድንጋይ ላይ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የፊደሉን ቁራጭ ብቻ ይይዛል። ዓመቱን ሙሉ እኛ ተማሪዎቹ ቀረጽነው። ሊገነባ ሲል ዳይሬክተሩ አቶ ሐብተ ማርያም «ፈተና ያስፈትኑ» ብለው የኔታን ደባርቅ ላኳቸው።

ዓርብ ሲመለሱ ግንቡ አልቋል። ፊደል የለበትም።

«አያ ክንዱ! ጽሕፈቱን የት አደረሱት?»

ግንበኛው አያ ክንዱ ኮራ ብለው ቆመዋል። «የምን ጽሕፈት? ልጆቹ ድንጋዩን ጫጭረው አበላሽተውት ነበር። የቆሰለውን ወደ ውስጥ፣ ሸጋውን ወደ ውጭ አዞርኩት።»

ግንበኛ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የተጎዳው ፊት በኖራ ይሸፈናል።

የኔታ ጮኹ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምተናቸው አናውቅም። «ደንቆሮ! የዓመት ሥራ ቀበርክ!»

«ምነው የኔታ? ወረቀቱን ለልጆቹ አሳዩ። ለኔ ማን አሳየኝ? ለኔ የተሰጠኝ ድንጋይ ነው።»

አቶ ሐብተ ማርያም ከቢሮ ወጥተው ሳቁ። «ግንቡ ምን አለው? ቆርቆሮ ላይ ይጻፉልንና እንስቀል። እሑድ ሹማምንቱ ለምረቃ ይመጣሉ።»

«አፈርሰዋለሁ» አሉ የኔታ።

«ከነኩት ከሥራዎ ተሰናብተዋል።»

«ተሰናብቻለሁ።»

ንድፉን መሬት ላይ ዘረጉ። አያ ክንዱን አጠገባቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን ድንጋይ በጣታቸው አሳዩ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ድምፃቸውም አልበረደም። አያ ክንዱም «መጀመሪያውኑ ቢያሳዩኝ ምን ነበረበት!» እያሉ፣ እየተሳደቡ መዶሻቸውን አነሡ። ኖራው ገና ስላልጠነከረ ድንጋዩ ተላቀቀላቸው። ግማሹ ከወረደ በኋላ ዳይሬክተሩም መከልከላቸውን ተዉ፤ የፈረሰ ግንብ ለሹም አይታይም። ሁለቱ ሽማግሎች ሲነታረኩ፣ ሲገነቡ፣ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ሁለት ሌሊት አለፈ።

እሑድ ጧት የመጨረሻው ድንጋይ ገባ። አራት ሰዓት ላይ ሹማምንቱ መጡ፤ ስሙን ከሜዳው ማዶ ሆነው አነበቡ፤ ለአቶ ሐብተ ማርያም አጨበጨቡ። እሳቸውም እጅ ነሡ። የነደፈው ሰው ስም አልተጠራም፤ የገነባውም አልተጠራም።

የኔታ ይህን አላዩም። አራዳ ካለው ቤታቸው ደርሰው፣ ኖራ የበላውን እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።