በሬዬን ለስክሪን ልሸጥ ስል

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሰው ስለ ምስል ጥራት ሲያወራ ደሜ ስለሚፈላ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሰቆጣ ውስጥ ወጣቶች በቴሌቪዥን ኳስ የሚጫወቱባት አንዲት ክፍል ጌም ቤት አለችኝ። ቴሌቪዥኗ አሮጌ ናት። ጌቱ የሚባል ሰው ፊት ለፊቴ ግድግዳ የሚያክል፣ ምስሉ ጥርት ያለ ፎር ኬ ስክሪን ሰቅሎ ከፈተና ደንበኞቼ በሳምንት ውስጥ ተሻገሩ። መሻገራቸው ሳያንስ፣ ባጃጅ ነጂው ደሴ በደጄ ባለፈ ቁጥር፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ሜዳ ላይ ዛሬም ጉም ወርዷል?" ይለኛል።

ሄጄ አየሁት። እኔ ፊደልም ቁጥርም የለየሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ጌቱ ቤት የተጫዋቾቹን ቁጥር ከጀርባቸው ላይ አንድ በአንድ አነበብኩ። የእኔ ላይ ጉንዳን ነው የሚመስለው። ቀናሁ።

ገጠር፣ ደሃና ወረዳ፣ አንድ በሬ አለኝ። ከታላቅ ወንድሜ ከአያ ካሳ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። የእኔን ሽጬ ስክሪን ልገዛ ቆረጥኩ። የእኔ ከሄደ የወንድሜ በሬ ብቻውን አያርስም፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። ስለዚህ ለአያ ካሳ መልእክት ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ።

አልጮኸብኝም። "የምትለውጥበትን አሳየኝ" አለ። ገበያም ላይ እንዲሁ ነው፤ በሬ ሳያስኬድ አይገዛም።

ጌቱ ቤት ገባን። ደሴ ይጫወታል። አያ ካሳ ጌም አይቶ አያውቅም። አንዴ የደሴን አውራ ጣት፣ አንዴ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና፣

"ይሄ በሬ ሰነፍ ነው" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አባባ፣ ኳስ ነው እኮ!" አለ ደሴ።

"ኳስ መሆኑንማ አየሁ። ጅራፉ ከጮኸ በኋላ ቆሞ ያስባል። ጣትህ ቀድሞ፣ ሰውየው ዘግይቶ ነው የሚነሳው።"

ደሴ ሳቁን ዋጠ። "እኔ እኮ እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር" አለ።

ተያይዘን ወደ እኔ ቤት ተሻገርን። ደሴ ገና ቁልፉን ጫን ሲለው ሰውየው ተፈተለከ።

"ይሄ ያርሳል" አለ አያ ካሳ።

ኋላ ቴሌቪዥን ጠጋኙን ጠየቅሁት። ሁሉም ስክሪን እንዲህ አይደለም፣ አንዳንዱ ግን ምስሉን አሳምሮ እስኪያወጣ ይዘገያል አለኝ። ይህን ዋጋ ከጠየቅኋቸው ስክሪን ሻጮች አንዱ እንኳ አልነገረኝም።

ደንበኛ ሁሉ አልተመለሰም። የምስል ማማር የሚወደው እዚያው ጌቱ ቤት ነው፤ ይቀመጥ። ለውድድር ሲሆን ግን ደሴና መሰሎቹ እኔ ጋ ይመጣሉ። ቴሌቪዥኗን እስክትቃጠል አልቀይራትም።

ቁጥሮቹ ዛሬም ጉንዳን ናቸው። ያንን ሁሉ ዘመን ሳላነብ ኖሬ፣ ማንበብ ስችል አለማንበቤ ያንገበግበኛል፤ አልዋሽም። በሬዬ ግን ዘንድሮም ከአያ ካሳ በሬ ጋር ቀንበር ስር ነው።